ድልድዩ ከጀርባዋ

በጎተንበርግ ከተማ መካከል በሚያልፉት የውኃ ቦዮች ላይ በጀልባ እንግዳ የሚያስጎበኝ ሰው የሚቆመው ከጀልባው አፍንጫ አጠገብ፣ ፊቱን ወደ እንግዶቹ አዙሮ ነው። ጀልባው ወደ ፊት ይሄዳል፤ እሱ ግን የሚያየው ያለፈውን ብቻ ነው። የሚመጣውን የሚያይለት ከኋላ መሪውን የያዘው ሰው ነው። ባርብሮ ሊንድቫል ሃያ ለሚሆን በጋ እንዲህ ቆማ ኖራለች፤ የሚመጣውን ሲያይላት የኖረው ደግሞ ቶርድ ነበር።

ባርብሮ ማዮርና በሚባለው የሠራተኞች ሰፈር የተወለደች የመርከብ በያጅ ልጅ ናት። አባቷ ከወንዙ ማዶ መርከብ ሲሠራ ኖሮ፣ ማምረቻው ሲዘጋ እሱም አብሮ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ መስኮት ዳር ተቀምጦ ወንዙን ከማየት በቀር የሠራው ነገር አልነበረም። ልጁ ከዚያ መስኮት ዝምታ የሸሸች ይመስል አፏ አያርፍም። በወጣትነቷ በከተማው ባቡር ላይ ትኬት ቆርጣለች፣ የዓሣ አዳራሽ በሚባለው የገበያ ቤት ሽሪምፕ መዝናለች። አግብታም ነበር። ባሏ አንዲት የጥርስ ሐኪም ተከትሎ ወደ አገሩ ሰሜናዊ ጫፍ ሲሄድ፣ ሊያጽናኗት ለመጡት ጎረቤቶች፣ ደግ አደረገ፣ እዚያ በብርዱ ጥርሱ ሲንገጫገጭ የምታክመው አለችው ብላ ነበር የሸኘቻቸው። ያን ቀን ማታ ምን እንዳደረገች የሚያውቅ የለም። በዚያ ከተማ በር ከተዘጋ በኋላ ያለውን ማንም አይጠይቅም።

ቶርድ ዐሥር ዓመት ያህል ያንሳታል። ትከሻው ሰፊ፣ ቃሉ ጥቂት ነው። ባርብሮ በየዙሩ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ብላ ታስተዋውቀው ነበር፦ "ከኋላ ያለው ካፒቴናችን ቶርድ ይባላል። ባለፈው ዓመት አንድ ነገር ተናግሮ ነበር፤ ምን እንደነበር ግን አላስታውስም።" እንግዶቹ ይስቃሉ፤ ቶርድም ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ እጅ ይነሣል። ቀልዱ ለዓመታት ሳይነጥፍ ኖረ።

በዙርና በዙር መካከል ከመሳፈሪያው አጠገብ ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እሷ በራሷ ፔርሙዝ፣ እሱም በራሱ ፔርሙዝ ቡና ይዘው ይመጣሉ። የእሷ ዳቦ እንቁላልና ከቱቦ የሚጨመቅ የዓሣ እንቁላል የተቀባ ነው፤ የእሱ ቀረፋ ያለበት ጥቅልል ዳቦ። በእነዚያ ሁሉ በጋዎች አንዱ የሌላውን ቀምሶ አያውቅም፤ አንዱም የሌላውን ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ሆኖም በዚያች ከተማ ከሚስቱ በቀር ለቶርድ ከባርብሮ ይበልጥ የሚቀርበው ሰው አልነበረም።

በጉዞው ላይ አንድ ቦታ አለ። ከዓሣ አዳራሹ አለፍ ብሎ ያለው ድልድይ ከውኃው እምብዛም ከፍ ስለማይል፣ አንገት መድፋት አይበቃም፤ እንግዳው ሁሉ ከመቀመጫው ወርዶ ወለሉ ላይ መቀመጥ አለበት። የከተማው ሰው ድልድዩን አይብ መላጊያ ይለዋል፤ ቁርስ ላይ ጠንካራውን አይብ በስሱ ልጎ በሚያነሣበት መሣሪያ ስም። ባርብሮ እዚያ ስትደርስ ድምፅ ማጉያዋን ጠጋ አድርጋ፣ "ወገኖቼ፣ አሁን ሁላችሁም ወደ ወለሉ ውረዱ። እዚህ ንጉሥም ቢመጣ ይወርዳል። ፀጉሩን በነፃ መስተካከል የፈለገ ግን ይቀመጥ" ትላለች፤ በሦስት ቋንቋ። ከዚያ እሷም ጀርባዋን ለድልድዩ እንደሰጠች በርከክ ትላለች። ጥቁሩ ድንጋይ ከአናታቸው በላይ ሲያልፍ የውኃውና የአሮጌው ብረት ሽታ ይመጣል። እንግዶቹ እንደ ሕፃን ይንጫጫሉ። ብዙዎቹ ለአንድ ቀን ብቻ ከተማውን ሊያዩ የመጡ ናቸው፤ አገራቸው ሲመለሱ የሚያወሩት ያችን ቦታ ነው።

ነገሩ የጀመረው በግንቦት ነው። ባርብሮ የዓሣ አዳራሹን ታሪክ አዳራሹ ጋ ሲደርሱ ተናገረች፤ ወደብ ላይ ወጥተው ሲመለሱ ደግሞ እንደገና፣ ቃል ሳትለውጥ ተናገረችው። እንግዶቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እሷም ፊታቸውን አይታ አብራ ሳቀች። ቶርድ ከኋላ ሆኖ ያችን ቅጽበት አያት፤ ከሳቋ በፊት ያለችውን፣ ዐይኗ ባዶ ቤት የሆነባትን። ማንም ይስታል ብሎ ነገሩን ተወው።

በሰኔ ግን መተው አቃተው። በከተማው መካከል ባለው አደባባይ ጣቱን ወደ መሬት የቀሰረ የንጉሥ ሐውልት ቆሟል። ከተማዬ እዚህ ትቆረቆር ብሎ ያሳየበት ነው ይባላል፤ ይህን የማያውቅ የጎተንበርግ ሕፃን የለም። ባርብሮ ወደዚያ ስትደርስ እጇን ወደ ንጉሡ ዘረጋች፣ አፏን ከፈተች፣ ቆመች። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞር ብላ፣ "ምኑን ነው የሚያሳየው?" አለች። አንዱ መጸዳጃ ቤቱን ነው አለ። ሌላው የጣለውን ቁልፍ ነው አለ። ጀልባው በሳቅ ተናወጠ። ቶርድ ብቻ አልሳቀም። ጥያቄው የእውነት መሆኑን ያወቀ እሱ ብቻ ነበር።

ያን ዕለት ማታ ለሚስቱ ለኬርስቲን ነገራት። ኬርስቲን ልብስ እያጠፈች ጥቂት አሰበችና፣ የራሷ ጉዳይ ነው፣ መናገር ስትፈልግ ትናገራለች አለችው። እሱም የጠበቀው ይህንኑ ነበር። ቶርድ ልጅ ሳለ አባቱ ጠጪ ነበር። ደረጃው ላይ ወድቆ ሲያድር የሕንፃው ሰው ሁሉ ያያል፤ ጠዋት ግን እናቱን ዛሬ አየሩ ጥሩ ነው ብለው ሰላም ይሏታል። ማንም አንድ ቀን እንኳ ነገሩን አንሥቶ አያውቅም። ቶርድ ያን ዝምታ እንደ ውለታ ቆጥሮት ነው ያደገው። ሰውን በችግሩ ላይ አይቶ እንዳላየ ማለፍ ክብር መስጠት ነው፤ እሱ የሚያውቀው ደግነት ይህ ነበር።

ስለዚህ አፉን ዘግቶ እጁን አሠራ። ወደ አይብ መላጊያው ሲቃረቡ ሞተሩን ቀዝቀዝ ያደርግና፣ ከኪሱ በሚያወጣው ቁልፍ የመሪውን ብረት ሁለት ጊዜ ያንኳኳል። ድምፁ በጀልባው ወለል ሥር ሥር ሄዶ ከባርብሮ እግር ይደርሳል። ባርብሮ የያዘችውን ወሬ ትቆርጥና፣ "ወገኖቼ፣ አሁን ሁላችሁም" ትላለች። ለምን እንደሚያንኳኳ አልጠየቀችውም፤ እሱም አልነገራትም። ሐምሌ በዚህ አለቀ። የመተዋወቂያውን ቀልድ ግን፣ "ምን እንደነበር አላስታውስም" የሚለውን፣ አሁንም በየዙሩ ትለዋለች። ቶርድ ባርኔጣውን ሲያነሣ እጁ ይከብደው ጀመር።

አንድ ቀን የጀልባዎቹ ኃላፊ ማሊን፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት ፈጣን ሴት፣ ከትኬት መሸጫዋ ወጥታ ከቶርድ ጎን ቆመች። ውኃውን እያየች፣ ባርብሮ እንዴት ናት ብላ ጠየቀችው። የሆነ ነገር ሰምታ እንደሆነ ያስታውቃል።  ሰው በሌለበት ስሙን ማንሣት በቶርድ ዘንድ ነውር ነው፤ ፊት ለፊት መናገር ደግሞ በሰው ሕይወት መግባት ነው። በሁለቱ መካከል ሌላ መንገድ አልታየውም። "ደህና ናት" አላት። ማሊን ጥቂት ጠበቀችው፤ ከዚያ ሄደች።

በነሐሴ አጋማሽ አንድ ትልቅ የመንገደኞች መርከብ ወደቡ ገባ። እንግዶቹ ከሰዓት በኋላውን ብቻ ነበር ያላቸው፤ ሰልፋቸው እስከ መንገዱ ማዶ ተዘረጋ። ፀሐዩ ጠንክሮ ነበር። ባርብሮ አዲስ የከንፈር ቀለም ተቀብታ፣ ሰማያዊውን ባርኔጣዋን አድርጋ ጀልባው አፍንጫ ላይ ቆመች፤ አገሩ የእሷ ይመስል ነበር። ቀልዷ ሁሉ ይሠምርላት ነበር። ቶርድም ልቡ ትንሽ ቀለል አለው።

የዓሣ አዳራሹን አለፉ። ባርብሮ እንዲህ ማለት ጀመረች፦ "ማዶ የምታዩት አባቴ መርከብ የበየደበት ነው። እሱ የበየደው መርከብ ዛሬም የሆነ ባሕር ላይ ውኃ ሳያስገባ ይሄዳል፤ እሱ ግን..."

ቶርድ ደነገጠ። የመርከቡ ወሬ ወንዙ ላይ ሲወጡ ነው የሚነገረው፤ ወንዙ ደግሞ ከድልድዩ በኋላ ነው። ባርብሮ በሐሳቧ ድልድዩን አልፋዋለች።

ቁልፉን አነሣ። በዚያው ቅጽበት በእግር የሚዘወር ትንሽ የኪራይ ጀልባ ከግራ ዘው ብሎ ከፊታቸው ተደቀነ፤ የተሳፈሩበት ሁለት ወጣቶች እየተሳሳቁ አነዳዱ ጠፍቶባቸዋል። ቶርድ በሁለት እጁ መሪውን ጠመዘዘ፣ ሞተሩን ወደ ኋላ መለሰ። ቁልፉ ከእጁ ወድቆ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ቀና ሲል፣ ጀልባው በያዘው ግፊት ተንሸራትቶ፣ የድልድዩ ጥቁር ጠርዝ ከባርብሮ ጀርባ ነበር። እሷ እጇን ወደሌለው ወንዝ ዘርግታ ስለ አባቷ ትናገራለች፤ እንግዶቹ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጧታል።

"ውረዱ! ባርብሮ!"

ያን ድምፅ ከየት እንዳመጣው ቶርድ አያውቅም። እንግዶቹ እንደ ጤፍ ከረጢት አንዱ ባንዱ ላይ ወደቁ። ባርብሮ ድምፁን ሰምታ በርከክ አለች፤ ዝቅ ከማለቷ ድንጋዩ ባርኔጣዋን ከአናቷ ላይ ላፍ አድርጎ ወሰደው። ከዚያ ጨለማው፣ ሽታው፣ የውኃው ድምፅ። ከማዶ ወደ ብርሃን ሲወጡ ሰማያዊው ባርኔጣ ከጀልባው ጎን ተገልብጦ ይንሳፈፍ ነበር።

እንግዶቹ አጨበጨቡ። የጨዋታው ክፍል መስሏቸው ነበር። ፊት የተቀመጠ ረጅም ሰውዬ፣ በየዙሩ ስንት ባርኔጣ ነው የምትጨርሱት ብሎ ጠየቃት። ባርብሮ ፀጉሯ ተበትኖ፣ ከንፈሯ ከቀለሙ በታች ነጥቶ፣ "ዛሬ በቅናሽ ነው፤ ሌላ ጊዜ ጭንቅላቱንም ይጨምራል" አለችው። በሳቅ ፈረሱ። ቶርድ ጎንበስ ብሎ ቁልፉን ከወለሉ አነሣ።

ወደ መሳፈሪያው ሲመለሱ እንግዶቹ እየተሳሳቁ ወረዱ። ሁለቱ እንደ ወትሮው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ፔርሙዛቸውን አወጡ፤ አልቀዱም።

"ዛሬ አላንኳኳህም" አለችው።

ቶርድ ቀና ብሎ አያት። "ታውቂ ነበር?"

"የሚጠፋኝ ስም ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው። ከሰኔ ጀምሮ ስታንኳኳልኝ እሰማለሁ። ዛሬ ይጠይቀኛል፣ ነገ ይጠይቀኛል እያልኩ ስጠብቅ ከረምኩ።"

"እኔ ደግሞ አንቺ እስክትነግሪኝ ነው የጠበቅሁት።"

"አንተ ካልጠየቅኸኝማ ገና አልታየብኝም ብዬ ተጽናናሁ።"

"አንቺ ካልነገርሽኝ እንዲታይብሽ አልፈለግሽም ብዬ ነው።"

ባርብሮ ድምፅ ሳታሰማ ሳቀች፤ ትከሻዋ ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው። "አየህ ጨዋነታችንን! ሰው ልንገድልበት ነበር እኮ።"

ሐኪም አይቷት እንደሆነ ጠየቃት። በመጋቢት ሄጃለሁ አለችው። የማስታወስ ችሎታዋን ለመፈተን ሰዓት ሣዪ ብለዋት ነበር። ክቡን አሳምራ ሣለች፤ ቁጥሮቹ ግን ሁሉም ባንድ ጎን ታጨቁባት፣ ፎቶ ለማንሣት ባንድ ጎን ተሰብስበው ጀልባ እንደሚያዘሙ እንግዶች። ይህን ስትናገር በእጇ አየር ላይ ትሥል ነበር። ከዚያ ዳቦዋን ከጠቀለለችበት ፈታችና ለሁለት ቆረሰችው፤ ግማሹን ሳታየው ዘረጋችለት። ቶርድ ተቀበላት። የዓሣ እንቁላሉ ጨው ነበር። ዕድሜ ልኩን የማይወደው ነገር ነው፤ እስከ መጨረሻው በላው።

"እስከ መስከረም መጨረሻ ብቻ" አለች ቆየት ብላ። "ወቅቱ እስኪያልቅ። አንተ ታንኳኳለህ።"

የፈራው ይህንን ነበር። እሺ ለማለት አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር፤ ለአንድ ቃል ደግሞ እሱ ሰነፍ አልነበረም። ባርኔጣው ግን አሁንም በሐሳቡ ተገልብጦ ይንሳፈፋል።

"አይሆንም፣ ባርብሮ" አላት። "ቁልፉ ከእጄ ይወድቃል። ዛሬ ወደቀ።"

ባርብሮ ፔርሙዟን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ተራ የያዙት እንግዶች ከማዶ ሰዓታቸውን ያያሉ። በመጨረሻ ተነሣች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ ወደ ማሊን መስኮት ሄደች። ቶርድ ተከተላት፤ አትምጣም ና አላለችውም።

"ማሊንዬ" አለቻት፣ "ድልድዩ ባርኔጣዬን ወሰደው። ራሴ ነኝ የረሳሁት። ብዙ ነገር እየረሳሁ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እንግዳ ይዤ እንድወጣ አትፍቀጂልኝ።"

ማሊን ከወንበሯ ተነሥታ በጓሮው በር ወጣች፤ ባርብሮን አቅፋ ቆየች። ከዚያ በባርብሮ ትከሻ ላይ ቶርድን አየችው። "ጠይቄህ ነበር" አለችው። ሌላ አልጨመረችም። ቶርድ ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር።

ለዚያ ዙር ሌላ አስጎብኚ አልነበረም፤ እንግዶቹ ደግሞ መርከባቸው ሳይነሣ መመለስ አለባቸው። ማሊን ትኬታቸውን ልትመልስ ስትል፣ ቶርድ እኔ እናገራለሁ አለ። ሁለቱ ሴቶች፣ ሐውልቱ የተናገረ ያህል ዞረው አዩት። ባርብሮ ያለ ባርኔጣ፣ ከመጀመሪያው መደዳ ከአንዲት አሮጊት እንግዳ ጎን ተቀመጠች። በዚያ ጀልባ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ወደሚሄዱበት አድርጋ።

"ይሄ ዓሣ አዳራሹ ነው" አለ ቶርድ በድምፅ ማጉያው። ጥቂት አሰበ። "ዓሣ ይሸጥበታል።"

ከሁሉ በላይ የሳቀችው ባርብሮ ናት። አሮጊቷን በክርኗ ነካ አድርጋ የሆነ ነገር ሹክ አለቻት፤ ያልተነገረውን እየሞላችላት መሆን አለበት። ወደ አይብ መላጊያው ሲደርሱ ቶርድ ሁሉም ወለሉ ላይ እንዲወርድ ነገራቸው፤ እጁ ግን ልማዱን አልተወም፣ ብረቱን ሁለት ጊዜ አንኳኳ። ባርብሮ ከሁሉ ቀድማ ወረደች። አሮጊቷን ደግፋ አወረደች። ድልድዩ ሲመጣ ቀና ብላ እያየችው ነበር፤ ሃያ በጋ በጀርባዋ ያለፈውን ድንጋይ።

በመልስ ጉዞ ከንጉሡ ሐውልት ፊት ሲደርሱ ባርብሮ ወደ ኋላ ዞር ብላ እጇን እንደ ተማሪ አወጣች።

"ካፒቴን፣ ምኑን ነው የሚያሳየው?"

እንግዶቹ ወደ ቶርድ ዞሩ። ፊቷን መረመረ። ቀልድ ይሁን አይሁን መለየት አልቻለም፤ ከዚያም በኋላ ይህንን ሲያስብ ይኖራል። "ከተማዬ እዚህ ትቆረቆር እያለ ነው" አላት። ባርብሮ ራሷን በቀስታ ነቀነቀች፣ ጥሩ ዜና እንደሰማ ሰው።

ሲመሽ የከተማውን ባቡር አብሯት ተሳፈረ። ቤቱ በሌላ አቅጣጫ ነው። መንገዴ ገና አልጠፋኝም አለችው፤ እሱም አውቃለሁ አለ። ባርብሮ በልማዷ ፊቷን ወደ ኋላ አድርጋ ተቀመጠች፣ እሱ ከፊቷ። ባቡሩ ወደ ምዕራብ ሲሄድ፣ ካለፉት በኋላ አንድ በአንድ ትጠራለች፦ የጫማ ሰፊው ቤት፣ አባቷ ቢራ የሚጠጣበት ጥግ፣ ከባሏ ጋር ዝናብ የመታቸው ደጃፍ። ድምፅ ማጉያ የያዘች ይመስል እጇ አገጯ ሥር ነበር። ከዚያ አንድ መታጠፊያ ላይ መጥራቷን አቆመች፤ እጇም ከአገጯ ሥር ወረደ።

ቶርድ የት እንደምትወርድ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ገባው። ይህን ሁሉ ዘመን የሚመጣውን ሲያይላት ኖሮ፣ አንድ ቀን እንኳ ሰፈርሽ የቱ ጋ ነው ብሎ አልጠየቃትም።

"የቱ ጋ ነው የምትወርጂው?" አላት።

ባርብሮ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ባቡሩ ቆመ፤ ሰው ወረደ፤ ሰው ገባ፤ ተነሣ። ጣቶቿ ቀሚሷን ያፍተለትሉ ነበር። ቀጣዩ ማቆሚያ ሲቃረብ የመስኮቱን ብረት በቀለበቷ ሁለት ጊዜ አንኳኳች።

ወረዱ። ከመውረጃዋ አንድ ማቆሚያ አልፈው ነበር። ባርብሮ መንገዱን ወደ ላይ ወደ ታች አይታ፣ ሳትናገር ወደ ኋላ መራመድ ጀመረች፤ እሱም ከጎኗ። የእንጨት ቤቶቹ መስኮቶች መብራት እየበራባቸው ነበር፤ ከየመስኮቱ ጀርባ የሆነ ሰው ራቱን ይሠራል። ከአንድ አረንጓዴ በር ፊት ስትደርስ ቆመች። ቁልፏን ከቦርሳዋ ሳትፈልግ አወጣች፤ እጇ ያውቀዋል።

በሩን ገፋ አድርጋ እግሯን ደፉ ላይ አኑራ ቆየች። ወደ ውስጥም ወደ እሱም አላየችም።

"ቡና አለኝ" አለች። "ግን ያንተን ይዘሃል።"

ቶርድ ፔርሙዙን ከቦርሳው አውጥቶ ነቀነቀው። ቀን ያልቀዳው ቡና ውስጡ ሲናወጥ ሁለቱም ሰሙት።

"አልቋል" አላትና ሊገባ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።